የነዳጅ ረጪና የቱርቦ መመጣጠን፤ ስለ ስያሜዎቹ የቀረበ ማብራሪያ

ለመካኒኮች ማሠልጠኛ በተዘጋጀ አንድ ረቂቅ መመሪያ ውስጥ «ጥቁር ጭስ ከበዛ ግፊቱ ይጨመር» የሚል ዐረፍተ ነገር አጋጥሞን ነበር። ረቂቁን የተቀበልነው ለቋንቋ እርማት ስለ ነበረ በሰዋስው ረገድ አንዳች ነቀፋ አላገኘንበትም። ይሁን እንጂ ዐረፍተ ነገሩን በሥራው ለቆዩ ሁለት መካኒኮች ባነበብንላቸው ጊዜ፣ አንደኛው ናፍጣው ወደ ሲሊንደር የሚረጭበትን ግፊት፣ ሁለተኛው ደግሞ ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን የአየር ግፊት የሚያመለክት አድርገው ተረዱት። የፊተኛው ትርጓሜ ሠልጣኙን የረጪውን ሞላ ወደ ማጥበቅ፣ የኋለኛው ቱርቦውን ወደ መመርመር ይመራዋል። ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን በሌላው ቦታ መሥራትም ሞተርን እስከ ማበላሸት ይደርሳል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የፒክአፕ መኪና የናፍጣ ሞተር ጉልበት እንዲጨምር ረጪውና ቱርቦው በሚለወጡበት ጊዜ የሚያስፈልጉትን ስያሜዎች ከነገሩ አሠራር ጋር አያይዘን እንመለከታለን።

በመጀመሪያ የአሠራሩን ነገር እናስቀድም። በቤንዚን ሞተር ነጂው የነዳጅ መርገጫውን ሲጫን የሚከፈተው የአየር መግቢያው ነው። በናፍጣ ሞተር ግን በቀጥታ የሚጨምረው የሚረጨው ነዳጅ ሲሆን፣ አየሩ ተከትሎ መድረስ ይኖርበታል። 1 ኪሎግራም ናፍጣ ተሟጦ እንዲቃጠል 14.5 ኪሎግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። ነገር ግን ነዳጁ በጣም አጭር በሆነ ጊዜ ውስጥ ስለሚረጭና ከአየሩ ጋር እኩል ለመደባለቅ ፋታ ስለማያገኝ፣ ሞተሩ በሙሉ ጭነት በሚሠራበት ጊዜ እንኳ አየሩ ከዚህ መጠን በልጦ መገኘት አለበት። ይህን የአየርና የነዳጅ ዝምድና «ምጣኔ» ብለን እንጠራዋለን።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. የ1989 ሞዴል ሆኖ በአሜሪካ የቀረበውን የዶጅ ራም ፒክአፕ እንውሰድ። ባለ 6 ሲሊንደርና ባለ 5.9 ሊትር የሆነው የከሚንስ ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ 160 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በዚያ አገር ይህን የመሰሉ መኪናዎች ባለቤቶች ከባድ ተጎታች ለመሳብ ሲሉ ረጪና ቱርቦ መለወጥን የተለመደ ሥራ አድርገውታል። አንድ ጥሩ የናፍጣ ሞተር ለ1 የፈረስ ጉልበት በሰዓት 170 ግራም ያህል ናፍጣ ይፈጃል ብንል፣ 160 የፈረስ ጉልበት በሰዓት 27 ኪሎግራም ገደማ ይጠይቃል። ምጣኔውን 20 ለ1 አድርገን ብናስበው የሚያስፈልገው አየር 540 ኪሎግራም ይሆናል። ባለቤቱ ጉልበቱን ወደ 240 ለማሳደግ ፈልጎ ረጪዎቹን ብቻ በመለወጥ በሰዓት 41 ኪሎግራም ናፍጣ እንዲረጩ ቢያደርግና አየሩ ግን በነበረበት ቢቆይ፣ ምጣኔው ወደ 13 ይወርዳል። ይህም ከ14.5 በታች ስለሆነ የነዳጁ ከፊል ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ የተገዛው ጉልበት ሙሉ በሙሉ አይገኝም፤ የጭስ ማውጫው ሙቀት ያለልክ ከፍ ይላል፤ ሁኔታው ከቀጠለም ፒስተንና የቱርቦው ተርባይን ይጎዳሉ።

አየሩን የሚጨምረው ቱርቦ ነው። አሳቡን እ.ኤ.አ. በ1905 በፓተንት ያስመዘገበው ስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ ነበር። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ተርባይኑን ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ላይ የተተከለው አየር አማቂ ደግሞ አየሩን አምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይሰደዋል። ስለሆነም ቱርቦን ቱርቦ የሚያደርገው ከነዳጁ መቃጠል የሚመነጨው ጭስ ሲሆን፣ ነዳጁን በሚገባ የሚያቃጥለው ደግሞ ቱርቦው የሚያመጣው አየር ነው። አንዱ ያለሌላው መጠኑ አይታወቅም።

የዚህን ሥራ ስም ስንፈልግ ሦስት ግሶች ቀርበውልናል። «ማዛመድ» ከ«ዘመድ» የወጣ ሆኖ ሁለት ነገሮች አንድ ወገን መሆናቸውን እንጂ ልካቸውን አይናገርም። «ማጣጣም» ከ«ጣመ» የሚመዘዝ ሆኖ መስማማትን ያመለክታል፤ ይሁንና ስምምነቱ በምን እንደሚለካ አያሳይም። «ማመጣጠን» ግን ሥሩ «መጠነ» ስለሆነ ልክን በውስጡ ይዟል፤ በአደራራጊ ዐምድ የቆመ በመሆኑም እያንዳንዱ በሌላው እንዲለካ መደረጉን ይገልጻል። «ምጣኔ» የሚለው ስምም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። በመሆኑም ሦስተኛውን መርጠናል። ማመጣጠን ማለት ሁለቱን እኩል ትልቅ ማድረግ ማለት እንዳልሆነም እዚህ ላይ ሊሰመርበት ይገባል።

ወደ ረጪው ስያሜ እንለፍ። በጋራዥ «ኢንጀክተር» እና «ኖዝል» የሚሉት ቃላት እየተቀያየሩ ይነገራሉ። «መርፌ» የሚል አማራጭም ቀርቦ ነበር፤ የሕክምናውን መርፌ ስለሚያስታውስ ለጆሮ አይከብድም። ሆኖም በዕቃው ውስጥ የነዳጁን መውጫ የሚከፍትና የሚዘጋ ራሱን የቻለ መርፌ መሰል ክፍል አለ። ሙሉውን ዕቃ «መርፌ» ካልነው የውስጡን ክፍል የምንጠራበት ስም እናጣለን። ስለዚህ ለሙሉው ዕቃ «ነዳጅ ረጪ»፣ ቀዳዳዎች ላሉት ጫፍ «ኖዝል»፣ ለውስጡ ክፍል «የረጪ መርፌ» እንዲባል እናሳስባለን። «ኖዝል» ባዕድ ቃል ቢሆንም በሠራተኛው አፍ የተለመደ ስለሆነ እርሱን ለማፈናቀል መድከም የሚያስገኘው ጥቅም የለም፤ የሚያስፈልገው ቦታውን መወሰን ብቻ ነው።

«ትልቅ ረጪ» እና «ትልቅ ቱርቦ» የሚሉት አነጋገሮችም ጥንቃቄ ይሻሉ። ትልቅነቱ የኖዝሉ ቀዳዳ ስፋት ነው ወይስ የቀዳዳዎቹ ቁጥር? ቀዳዳው ሲሰፋ ብዙ ነዳጅ ያልፋል፤ ነገር ግን ጠብታው ሊወፍር፣ ቃጠሎውም ሊዘገይ ይችላል። የርጭቱ ማዕዘን ከፒስተኑ ጉድጓድ ጋር ካልገጠመ ነዳጁ በማይገባው ቦታ ላይ ያርፋል። በቱርቦውም በኩል ተርባይኑ ከሞተሩ ጭስ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከተለቀ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ቶሎ አይነሣም፤ መኪናው ዳገት ሲጀምር ነዳጁ ቀድሞ ይደርስና አየሩ ይዘገያል። አየር አማቂው ከሚያልፈው አየር ብዛት በላይ ትልቅ ሆኖ በከፍተኛ ግፊት ሲሠራ ደግሞ የታመቀው አየር ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን ክሥተት «ግሳት» እንዲባል እናቀርባለን፤ የገባው ተመልሶ ሲወጣና ድምፅ ሲያሰማ በአማርኛ ከዚህ የሚቀርብ ቃል አላገኘንለትም። በአንጻሩ ትንሽ ቱርቦ ከአቅሙ በላይ ሲታዘዝ ዘንጉ ከተወሰነለት ዙር አልፎ ይሽከረከራል። ስለዚህ በመመሪያ ጽሑፍ «ትልቅ» ከማለት ይልቅ «የፍሰት መጠኑ የበዛ» ብሎ ልኩን በአኃዝ ማስቀመጥ ይሻላል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ወደ «ግፊት» እንመለስ። በቆዩት የናፍጣ ሞተሮች ረጪው የሚከፈተው በአብዛኛው ከ200 ባር በላይ በሆነ ግፊት ሲሆን፣ ኮመን ሬይል በተባለው ሥርዓት ግፊቱ ከ1,000 ባር ይዘልቃል። ቱርቦው በፒክአፕ ሞተር ላይ የሚጨምረው ግፊት ግን ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ባር ያህል ነው። በመቶዎች እጥፍ የሚለያዩ ሁለት ነገሮች በአንድ ቃል ሲጠሩ ስሕተት መፈጠሩ አይቀርም። የፊተኛውን «የርጭት ግፊት»፣ የኋለኛውን «የሙሌት ግፊት» ብለን ብንለያቸው ችግሩ ይቃለላል፤ ቱርቦ ሲሊንደሩን በአየር የሚሞላ ነውና።

የሙሌት ግፊት የሚለው ስያሜ ለደጋው አገራችን ሌላም ፋይዳ አለው። የግፊት መለኪያው የሚያሳየው በአካባቢው ካለው ከባቢ አየር በላይ የተጨመረውን ብቻ ነው። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው አዲስ አበባ የከባቢ አየሩ ግፊት 0.75 ባር ገደማ ነው። መለኪያው 1 ባር ሲያሳይ በጅቡቲ ወደብ ጠቅላላው ግፊት 2 ባር፣ በአዲስ አበባ ግን 1.75 ባር ይሆናል። አየር አማቂው በጅቡቲ የከባቢውን ግፊት 2 ጊዜ ሲያጥፍ፣ በአዲስ አበባ 2.3 ጊዜ ያህል ያጥፋል፤ ይኸውም የበለጠ ደክሞ ያነሰ አየር ያስገባል ማለት ነው። በቆላ ተመጣጥኖ የተገኘ ረጪና ቱርቦ በደጋ ዳገት ላይ ሊያጨስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አየር ሲታመቅ ስለሚሞቅና ሲሞቅም ስለሚሳሳ፣ ወደ ሲሊንደር ከመግባቱ በፊት የሚያበርድ ዕቃ ይጨመርለታል። ይህን «የአየር ማቀዝቀዣ» ማለት ለተሳፋሪው ምቾት ከሚገጠመው ዕቃ ጋር ስለሚያምታታ «የእምቅ አየር ማብረጃ» የሚለውን እንመርጣለን።

ከዚህ በላይ የተመለከትናቸው ስያሜዎች ሲጠቃለሉ የሚከተሉት ናቸው።

ነዳጅ ረጪ፦ ናፍጣን አድቅቆ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ዕቃ።
ኖዝል፦ ቀዳዳዎች ያሉት የነዳጅ ረጪ ጫፍ።
የርጭት ግፊት፦ ነዳጁ የሚረጭበት ግፊት።
የሙሌት ግፊት፦ ቱርቦ ከከባቢ አየር በላይ የሚጨምረው ግፊት።
ምጣኔ፦ በክብደት የተሰላ የአየርና የነዳጅ ዝምድና።
ግሳት፦ የታመቀ አየር በአየር አማቂው በኩል ወደ ኋላ መመለስ።
ማመጣጠን፦ የረጪን የፍሰት መጠንና የቱርቦን የአየር አቅም፣ እያንዳንዱን በሌላው ለክቶ መወሰን።

ረቂቁን ስንመልስ ያንን ዐረፍተ ነገር እንደሚከተለው አስተካክለነው ነበር፦ «ጥቁር ጭስ ከበዛ አስቀድሞ የሙሌት ግፊቱ ይለካ፤ ከተወሰነው ያነሰ ከሆነ የአየር ማነሱ ምክንያት ይፈለግ፤ በቂ ሆኖ ሳለ ጭሱ ካልቀነሰ የረጪዎቹ ሁኔታና የነዳጁ ፍሰት ይመርመር።» ዐረፍተ ነገሩ ረዝሟል። ይሁንና ለሁለቱ መካኒኮች እንደገና ባነበብንላቸው ጊዜ ሁለቱም በአንድ ቃል ወደ አንድ መለኪያ ጠቁመዋል።