«ያቆመዋል እንጂ አይመልሰውም»

አንዲት እናት መነጽር ቤት ውስጥ ባለሙያውን ስትሞግት ሰማሁ። ለታዳጊ ልጇ ባለፈው ዓመት የተሠራው መነጽር ዘንድሮ አያሳየውም፤ የካቻምናውም እንደዚሁ ሆኖ ነበር። ባለሙያው መነጽሩን ትቶ ልጁን «ዓይንህን ታሻለህ?» ሲል ጠየቀው። እናትየው ቀደም ብላ «ከሕፃንነቱ ጀምሮ!» አለች። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ጥያቄ ነው።

በየጊዜው የሚለዋወጥ መነጽርና ዓይን ማሸት የሚያስጠረጥሩት ኬራቶኮነስ የተባለው የዓይን በሽታ በአብዛኛው በጉርምስና ይጀምራል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የዓይን ብሌን እየሳሳ ወደ ፊት ይሾላል፤ ብርሃን ይበታተናል፤ ሲባባስ መነጽርም በሚገባ አያርመውም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ኖቲንግሃም በሽታውን በ1854 እ.ኤ.አ. በዝርዝር ጽፎታል። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የነበረው መፍትሔ ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ፣ ሲብስም የብሌን ንቅለ ተከላ ነበር። ለንቅለ ተከላው ደግሞ ለጋሽ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ በ2003 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ለዚሁ ነው።

በሽታውን ባለበት የማቆም ሐሳብ የመጣው ከጀርመኗ ድሬስደን ነው። ስኳር ሕመምተኞች በኬራቶኮነስ እምብዛም እንደማይጠቁ ሐኪሞች አስተውለው ነበር፤ በደም ውስጥ የበዛው ስኳር የብሌኑን ኮላጅን ክሮች እርስ በርስ ያስተሳስራቸዋል። ተመራማሪዎቹ ቴዎ ዛይለርና ኤበርሃርድ ሽፖርል ይህንኑ ትስስር በቫይታሚን ቢ2፣ ማለትም በሪቦፍላቪን፣ እና በአልትራቫዮሌት ጨረር ለመፍጠር ተነሡ። ከግሪጎር ቮለንሳክ ጋር በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 22 ሕመምተኞችን አክመው በታከሙት 23 ዓይኖች ሁሉ በሽታው መቆሙን አስታወቁ። አሜሪካ ሕክምናውን ያጸደቀችው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው።

አሠራሩ ረጅም አይደለም። ዓይን በጠብታ ይደነዝዛል፤ የብሌኑ የላይኛው ስስ ሽፋን ይነሳል፤ ሪቦፍላቪን ለ30 ደቂቃ ይንጠባጠባል፤ ከዚያ ለ30 ደቂቃ ጨረሩ ይበራል። በአዳዲሶቹ መሣሪያዎች የጨረሩ ጊዜ ወደ 10 ደቂቃ አካባቢ ወርዷል። በመደበኛው አሠራር ብሌኑ ቢያንስ 400 ማይክሮን ውፍረት ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ ጨረሩ የውስጠኛውን ሽፋን ይጎዳል። ዘግይቶ የመጣ ሰው ይህን ዕድል ሊያጣ ይችላል።

ሁለቱንም ዓይኖቿን በየተራ የታከመች አንዲት ወጣት እንዲህ አለችኝ፦ «ጨረሩ ሲበራ ምንም አላመመኝም። ሌሊቱን ግን ዓይኔ ውስጥ በርበሬ የተነሰነሰ መሰለኝ። መጋረጃ ዘግቼ ተኛሁ።» ቀጥላም «ሕመሙን ነግረውኝ ነበር። መነጽሬን እንደማልጥል ግን ማንም አልነገረኝም። በወሩ ዓይኔ ከበፊቱ ሲደበዝዝ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ» አለችኝ። አሁንስ? «አሁን ባለበት ቆሟል። ያኔ ይህን አስረድተውኝ ቢሆን ኖሮ አላለቅስም ነበር።»

የሆነባት ነገር የሚጠበቅ ነው። የተነሳው ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይድናል፤ እስከዚያ መከላከያ ሌንስና የፀረ ተሕዋስያን ጠብታ ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዕይታ ይደበዝዛል፤ ጭጋጉ ወራት ይቆያል። በአብዛኞቹ ሕመምተኞች ላይ በሽታው ይቆማል፤ ጥቂቶች መልሰው መታከም ይኖርባቸዋል። ከሕክምናው በኋላም መነጽር ወይም ኮንታክት ሌንስ አይቀርም። ኢንፌክሽንና ጠባሳ አልፎ አልፎ ያጋጥማሉ፤ ስለዚህ ከቀናት በኋላ ሕመሙ ከጨመረ ወይም ዓይን መግል ካወጣ ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም።

ሕክምናው በስንት የመንግሥት ሆስፒታሎች እንደሚሰጥና የጤና መድን ይሸፍነው እንደሆነ አንድ የሥራ ኃላፊ ጠየቅሁ። «በደብዳቤ አስገቡ» አሉኝ። ደብዳቤው ገባ፤ መልስ አልመጣም። እስከዚያው ወጪው የሚያርፈው በቤተሰብ ላይ ነው።

የመነጽር ቁጥሩ በየዓመቱ የሚለዋወጥና ዓይኑን የሚያሽ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሌላ መነጽር ከማሠራታችሁ በፊት የብሌን ካርታ የሚያነሳ መሣሪያ ወዳለበት ውሰዱት፤ የሚያሳክከው አለርጂም ይታከምለት። ሐኪሞች ሆይ፣ ሕክምናው በሽታውን እንደሚያቆም፣ የጠፋውን ዕይታ ግን እንደማይመልስ ታካሚው ከመተኛቱ በፊት ንገሩት።