ሰውየውን ልያዝ ወይስ ሰፈሩን? ከሁለት የአዲስ አበባ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥራ የምንማረው

ፎቶግራፍ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ዓይነት ካሜራ ልግዛ?» ብሎ ነው። በትምህርት ክፍላችንም ፎቶ የሚወዱ ተማሪዎች ሲገናኙ ወሬያቸው ስለ ሌንስና ስለ ሜጋፒክስል ነው። መሣሪያ አይጠቅምም አልልም። ነገር ግን የሁለት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችን አካሄድ ስከታተል የተረዳሁት ሌላ ነው። አንድ ጀማሪ የራሱ መልክ ያለው ሥራ መሥራት የሚጀምረው ካሜራው ሲሻሻል ሳይሆን፣ ከፊቱ ካለው ነገር የቱን ይዞ የቱን እንደሚተው ሲወስን ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንን በምሳሌ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ጥያቄው ለእኔ የወረቀት ላይ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ያደግሁት አቃቂ ነው። እንደሚታወቀው አቃቂ ቃሊቲ በፋብሪካ፣ በመጋዘንና በከባድ መኪና የሚታወቅ፣ የድሮው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ያለፈበት፣ በወንዙ ዳር አትክልት የሚለማበት ክፍለ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ቀላል ባቡሩ እስከ ቃሊቲ ሥራ ጀመረ፤ በዳር በዳሩም ኮንዶሚኒየም በዛ። ልጅ ሆኜ ኳስ የተጫወትኩበት ሜዳ ዛሬ የለም። ታዲያ ይህን ሁሉ ማን በፎቶ ያዘው? በየቤታችን ያለው ፎቶ ቤት ገብተን የተነሳነው ጉርድ ፎቶና የሠርግ አልበም ነው እንጂ፣ የሰፈሩ ምስል እምብዛም የለም።

ከቀለም ወደ ካሜራ

የመጀመሪያው ምሳሌዬ ሚካኤል ፀጋዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 አዲስ አበባ ተወለደ። በ2002 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሥዕል ተመረቀ። የተማረውን ሊሠራ ሲል ግን የዘይት ቀለም አለርጂ ሆነበትና ሥዕሉን ለመተው ተገደደ። ለአንድ ሠዓሊ ይህ እጅ እንደማጣት ነው። እሱ ግን ፊቱን ወደ ካሜራ አዞረ። ቀለሙ ቢቀርም በትምህርት ያገኘው ነገር፣ ማለትም ብርሃንን ማየት፣ ቦታን መከፋፈል፣ አንድን ነገር ሳይቸኩሉ መመልከት አብሮት ቀረ።

ከሥራዎቹ መካከል «ፊውቸር ሜሞሪስ» የሚባለው ተከታታይ ሥራ አለ፤ «የወደፊት ትዝታ» ልንለው እንችላለን። ትኩረቱ አዲስ አበባ ስትለወጥ የሚፈርሱት አሮጌ ሰፈሮች ላይ ነው። ስሙን ልብ በሉልኝ። ትዝታ ያለፈ ነገር ነው፤ እሱ ግን ነገ ትዝታ የሚሆነውን ዛሬ እያለ ይይዘዋል። በሌላ ሥራው ደግሞ በመቃብር ሐውልት ላይ የተለጠፉ፣ ፀሐይና ዝናብ እየበላ ያደበዘዛቸውን የሟቾች ፎቶዎች አንስቷል። የፎቶ ፎቶ ማለት ነው። ሁለቱም ሥራዎች የሚሉት አንድ ነው፤ ቦታም ፊትም ይጠፋል። ስለዚህ ሚካኤል ቦታውን ከነትዝታው ይይዛል ለማለት ይቻላል። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲፈርስ ያየ ሰው ይህ ሥራ ምን ዋጋ እንዳለው ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በስልክ የተሠራ ሥራ

ሁለተኛው ምሳሌ ግርማ በርታ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን፣ ፎቶግራፍን የተማረው በራሱ ነው። የታወቀበት ሥራ «ሙቪንግ ሻዶውስ» ይባላል፤ «ተንቀሳቃሽ ጥላዎች» እንደማለት ነው። አሠራሩን ላስረዳ። በአዲስ አበባ ጎዳና የሚያልፉ ሰዎችን፣ ዕቃ የሚሸከመውን፣ በመንገድ ዳር የሚሸጠውን፣ በአይፎን ስልኩ ያነሳል። ከዚያም አስፋልቱን፣ ግድግዳውን፣ መኪናውን ሁሉ ያጠፋና ሰውየውን በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ ያቆመዋል። የሚተወው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥላውን።

ይህች ጥላ ቀላል ነገር አይደለችም። ጥላው ባይኖር ሰውየው ተቆርጦ የተለጠፈ ወረቀት ይመስል ነበር። ጥላው ሲኖር ግን መሬት እንደረገጠ፣ ፀሐይ እንዳረፈችበት እናውቃለን። በየቀኑ አጠገባችን አልፎ የማናየውን ሸክም ተሸካሚ ቆም ብለን እናየዋለን፤ ምክንያቱም ዓይናችን ሌላ የሚሸሽበት የለውም። በ2016 ይህ ሥራ የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን የገንዘብ ድጋፍ ካገኙት ሦስት ፎቶግራፍ አንሺዎች አንዱ አደረገው። ሽልማቱ 10,000 ዶላር ነበር። ሥራው የተሠራው ግን ብዙዎቻችን ኪስ ውስጥ ባለው ዓይነት ዕቃ ነው።

አንድ ፎቶ እና አንድ ሥራ

በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት ግልጽ ነው። አንዱ ሰፈሩን ይይዛል፤ ሌላው ሰፈሩን አጥፍቶ ሰውየውን ይይዛል። የሚያመሳስላቸው ግን ይበልጣል። ሁለቱም አንድ ቆንጆ ፎቶ አንስተው ወደ ሌላ አልዘለሉም። አንድ ሐሳብ ይዘው ደጋግመው ተመላለሱበት። ተከታታይ ሥራ የሚባለው ይህ ነው። አንድ ፎቶ በዕድል ሊገኝ ይችላል፤ ሃያ ፎቶ ግን በዕድል አንድ ነገር አይናገርም።

ሥራው ሲበዛ ማሳያ መድረክ ይፈልጋል። በዚህ ረገድ አይዳ ሙሉነህን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በአሜሪካ ተምራ ለዋሽንግተን ፖስት ከሠራች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ አገሯ ተመለሰች፤ በ2010 ደግሞ አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች። ኢትዮጵያ በ1984ቱ የረሃብ ምስል ብቻ ስትታወቅ ለኖረች አገር፣ የራሷ ልጆች ያነሱት ፎቶ እዚሁ መታየቱ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ አቃቂ ስንመለስ

እኔም የሁለቱን መንገድ በሰፈሬ ሞክሬዋለሁ። በቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ ተራ የሚጠብቁ የከባድ መኪና ሾፌሮችንና ረዳቶችን ለሁለት ወር ያህል በስልኬ ሳነሳ ከረምኩ። አንዱን ረዳት በግርማ መንገድ ሠራሁት፤ ጀርባውን አጥፍቼ በቢጫ ላይ አቆምኩት። ግራሶ የበላው እጁና አንገቱ ላይ የጠመጠማት ፎጣ ጎልተው ወጡ። ጓደኞቼ ግን «ይሄ ምን የሚሠራ ሰው ነው?» አሉኝ። ሌላውን ፎቶ ከነመኪናው አነሳሁት። እዚህ ደግሞ ተሳቢው ሰውየውን ዋጠው።

ሁለቱንም ለራሱ ለረዳቱ አሳየሁት። ብዙም አላሰበም። «ወንድሜ፣ መኪናው ይግባ እንጂ! እናቴ ምን ሥራ እንደያዝኩ ትይበት» አለኝ። ለካ ከእኔና ከተመልካቹ ሌላ ፎቶው የሚመለከተው ሦስተኛ ሰው አለ፤ የተነሳው ሰው። ለእሱ መኪናው ጀርባ አይደለም፤ ማንነቱ ነው። ከዚያ በኋላ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ላይ ከመኪናው አንድ ነገር ብቻ፣ ጎማውን ወይም በሩን፣ ይዤ ሌላውን መተው ጀመርኩ። ይህ የሚካኤልም የግርማም አይደለም። ከሁለቱ ተምሬ ከረዳቱ ጋር ተነጋግሬ የደረስኩበት ነው።

በመሆኑም ፎቶ ለምትወዱ ጓደኞቼ የምለው እንዲህ ነው። «ካሜራ የለኝም እኮ» አትበሉ። በሰፈራችሁ አንድ ነገር ምረጡ፤ የፋብሪካ ሠራተኞች ፈረቃ ሲቀያየሩ፣ የወንዝ ዳር ጎመን ለቀማ፣ የባቡር ፌርማታ ሊሆን ይችላል። ሰዎቹን አስፈቅዱ፤ ያነሳችሁትንም አሳዩአቸው። ደጋግማችሁ ሂዱ። ከዚያ የቱን እንደምትይዙ፣ የቱን እንደምትተዉ ወስኑ። ብቻ ብዙ አትቆዩ፤ ሰፈሩ እኛን ቆሞ አይጠብቅም።