ልጆችን ይዞ ወደ አዲስ አበባ፦ ጉዟችንን በትንሹ ልጅ አቅም እንለካው

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ክረምቱ ሲገባ፣ ወይም ዒድ ሲቃረብ፣ ከደሴ፣ ከጅማ፣ ከድሬዳዋ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ይመጣል። የሚመጣው ዘመድ ለመጠየቅና ልጆቹን ከተማ ለማሳየት ነው። ሁለቱም መልካም ነው፤ ዝምድናን መቀጠል ደግሞ ዒባዳ ነው። ይሁን እንጂ በመልካም ኒያ የተጀመረ ጉዞ በልቅሶና በቁጣ ሲያልቅ፣ አንዳንዴም ሕፃን በሕዝብ መሐል ሲጠፋ እናያለን። ዛሬ በአላህ ፈቃድ የምንነጋገረው ይህ እንዳይደርስ ምን ማድረግ እንደሚገባን ነው።

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ከኋላ እየቀሩ የደከመውን ያግዙ፣ ከኋላቸው ያፈናጥጡ፣ ዱዓም ያደርጉላቸው እንደነበር ጃቢር (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ሶላት እያሰገዱ እንኳ የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ እናቱ እንዳትጨነቅ ሶላቱን ያቀሉ ነበር። ከዚህ የምንረዳው የመንገደኞች ፍጥነት በደካማው አቅም የሚለካ መሆኑን ነው። በቤተሰብ ጉዞ ደግሞ ደካማው ትንሹ ልጅ ነው።

አንደኛ፦ መንገዱ

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጣርማበር ጠመዝማዛ ዳገት አዋቂውንም ያስቸግራል። ልጅ ጠግቦ ከተሳፈረ ያስመልሰዋል፤ ስለዚህ ቀለል ያለ ምግብ በጥቂት በጥቂቱ እናብላው። ውኃ፣ ፌስታልና ቅያሪ ልብስ ከእጃችን በማይርቅ ቦርሳ ይሁኑ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። በሐምሌና በነሐሴ ከቆላ ለሚመጣ ልጅ ሹራብና የዝናብ ልብስ ከዒድ ልብሱ ይቀድማል።

ሶላትንም አላህ (ሱ.ወ) ለመንገደኛ አቅልሎለታል። ርቀቱ ወደ 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ዙህር፣ ዐስርና ዒሻ ሁለት ሁለት ረከዓ ይሰገዳሉ፤ መግሪብና ሱብሒ አይቀነሱም። በሻፊዒይ መዝሀብ ከመድረሻውና ከመመለሻው ቀን ውጭ አራት ቀን፣ በሐነፊይ መዝሀብ 15 ቀን ለመቆየት የወሰነ ሰው ግን ከደረሰ በኋላ ሙሉ ይሰግዳል።

ሁለተኛ፦ ልጅ እንዳይጠፋ

መርካቶ በገበያ ሰዓት፣ አንዋር መስጂድ በጁሙዓ፣ ስታዲየምና ዙሪያው በዒድ ሶላት ምን ያህል እንደሚጨናነቁ የማያውቅ የለም። ብዙ ሕፃናት ወላጆቻቸውን የሚያውቁት «አባዬ» እና «እማዬ» ብለው ብቻ ነው። ፖሊስ «የአባትህ ስም ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቀው «አባዬ» የሚል ልጅ ወላጆቹን በቶሎ አያገኝም። ስለዚህ ከመነሳታችን ከሳምንታት በፊት ሙሉ ስማችንንና ስልካችንን እናስጠናው። አጫጭር ሱራዎችን በቃሉ የያዘ ልጅ አሥር አኃዝ መያዝ አያቅተውም። ለማይናገረው ሕፃን ስልኩን በወረቀት ጽፈን ኪሱ ውስጥ እንክተት። ስሙን ልብሱ ላይ ከውጭ አንጻፍ፤ ማንም እንግዳ ሰው በስሙ ሊጠራው ይችላልና።

ሌላው ትልቅ ክፍተት መስጂድ ስንደርስ የሚፈጠር ነው። የወንዶችና የሴቶች መግቢያ ይለያያል። አባት «ከእናቱ ጋር ነው» ይላል፤ እናት «ከአባቱ ጋር ነው» ትላለች፤ ልጁ ግን ከማንም ጋር አይደለም። በር ላይ ከመለያየታችን በፊት የትኛው ልጅ ከማን ጋር እንደሚገባ ስሙን ጠርተን እንነጋገር። ልጁንም «ካጣኸን እዚያው ቁም፤ እኛ እንመጣለን» እንበለው። የሚሮጥ ልጅ ይበልጥ ይርቃል። ከጠፋ ጊዜ ሳናባክን ለመስጂዱ አስተናባሪዎችና ለፖሊስ በ991 እናሳውቅ።

ሦስተኛ፦ በቀን አንድ ቦታ

በሦስት ቀን ከተማውን ሁሉ እናሳያለን ብለን ልጆቹን ከታክሲ ታክሲ ስናንከራትት እነሱ ይደክማሉ፣ እኛም እንቆጣለን። ጠዋት አንድ ቦታ፣ ከሰዓት በኋላ እረፍት ይበቃል። በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክ እንስሳት አሉት። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ሰው በማይበዛበት ሰዓት ከሆነ ለሕፃን ራሱን የቻለ መዝናኛ ነው። ለአራት ዓመት ልጅ በሊፍት መውጣትና መውረድ ከትልቅ ሕንፃ ይበልጥበታል። የመርካቶ ግዢ ካለ አንዳችን እንሂድ፣ ሌላችን ከልጆቹ ጋር እንቆይ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምሽት ሲገባ ልጆችን ወደ ቤት እንድንሰበስብ አዘዋል፤ የታክሲው ሰልፍም የሚረዝመው በዚያው ሰዓት ነውና ከመግሪብ በፊት እንግባ።

አራተኛ፦ የእንግድነት አደብ

የምናርፍበት ዘመዳችን ምናልባት በአንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ነው። ውኃ በፈረቃ ይመጣል፣ መጸዳጃው የጋራ ነው፣ አከራይም አለ። ፊቱ ፈገግ ቢልም ወጪውና ጭንቀቱ በእሱ ላይ ነው። እንግድነት ሦስት ቀን እንደሆነ፣ እንግዳም ባለቤቱን እስከማስቸገር ድረስ መቆየት እንደማይፈቀድለት በሐዲስ ተነግሮናል። ስንት ሆነን እንደምንመጣና መቼ እንደምንመለስ አስቀድመን እንንገረው። ቅቤውንም፣ በሶውንም፣ የልጆቹን አንሶላም ይዘን እንምጣ። ልጆቻችን ዕቃ ሳይነኩ እንዲያስፈቅዱ፣ ውኃ እንዳያባክኑ ቤታችን ሳለን እናስተምራቸው። እንዲህ ከሆነ ዘመዳችን ለሚቀጥለው ዒድም «ኑ» ይለናል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ልጆቻችን አላህ የሰጠን አማና ናቸው፤ በመንገድም በከተማም ስለ እነሱ እንጠየቃለን። ቦታ ቢቀርብን ሌላ ክረምት አለ፣ ኢንሻአላህ። አላህ መንገዳችንን ገር ያድርግልን፣ ወጥተን በሰላም የምንመለስ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።