ወፎቹን ቆጥሮ ውሃውን ማወቅ

ፔሊካን ፍለጋ ወደ ባሌ የሚወጣ የለም፤ የፔሊካን አገሩ ታች ስምጥ ሸለቆ ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሚያቋርጠው የሳነቴ አምባ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆኖ፣ አውሮፓና ሰሜን እስያ በብርድ ሲያዙ የሚሰደዱ ዳክዬዎችን ይቀበላል። ወፎቹ የእኛን በጋ ጥልቀት በሌላቸው ኩሬዎቹ ላይ ያሳልፋሉ። ጎብኚው በአብዛኛው የሚመጣው ቀይ ቀበሮ ለማየት ስለሆነ ኩሬዎቹን ሳያስተውል ያልፋል፤ ይህ ያሳዝናል። እነዚህን ወፎች በየዓመቱ ቆጥሮ መመዝገብ የባሌን ውሃ ደኅንነት ለመከታተል ካሉን መንገዶች በጣም ቀላሉና ብዙ ወጪ የማይጠይቀው ነው።

ማስረጃው ያው ፔሊካን ነው። ሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ ይፈለፍሉ የነበሩት ፔሊካኖች፣ ሻላ ራሱ በቂ ዓሣ ስለሌለው ምግባቸውን ከጎረቤቱ ከአቢጃታ ያገኙ ነበር። የሶዳ አሽ ፋብሪካ ከሐይቁ፣ መስኖ ደግሞ ሐይቁን ከሚመግቡት ከዝዋይ ሐይቅና ከቡልቡላ ወንዝ ውሃ ሲስቡ አቢጃታ ሸሸ፤ ጨዋማነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ። ወፎቹም ለጫጩቶቻቸው ምግብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ ድረስ መብረር ግድ ሆነባቸው። የበረራ መስመራቸው መለወጡ ሐይቁ ውስጥ የደረሰውን ጉዳት በግልጽ ይናገር ነበር።

«ስደተኛ ወፍ ቢቀንስ ጥፋቱ ሳይቤሪያ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ሳነቴ ምን ይነግረናል?» የሚል ሰው ትክክለኛ ጥያቄ አንስቷል። መልሱ እዚያው ኩሬ ላይ አለ። ብርቱካናማ ላባ ያለው፣ ከባሌ ተራሮች ሳይርቅ እዚያው የሚራባ ሌላ ዳክዬ ከእንግዶቹ ጋር ይውላል። ስደተኞቹ ብቻ ከቀነሱ ችግሩን ሩቅ መፈለግ ነው፤ ሁለቱም አብረው ከቀነሱ ግን ጣታችንን ወደ ራሳችን ኩሬ እንቀስር። ለዚህም አንድ ዓመት አይበቃም፤ ተከታታይ መዝገብ ያስፈልጋል።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፦ ከብት የሚያረባው ሰው ሣርና ውሃ ሲቸግረው ስለ ዳክዬ ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ? ነገር ግን ወፉና ከብቱ የሚጠጡት አንድ ውሃ ነው። የባሌ ከፍታ የዌብንና የገናሌን ወንዞች የሚመግብ ስለሆነ፣ ኩሬው ሲጎድል ጉዳቱ እረኛው ቤት ቀድሞ ይገባል። እንዲያውም ኩሬው መቼ እንደሚሞላና መቼ እንደሚሸሽ ከእረኛው በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ቆጠራው ያለ እሱ ሊሠራ አይገባም።

ዘዴው ከባድ አይደለም። የውሃ ወፎች በብዙ አገሮች የሚቆጠሩት በጥር ወር ነው፤ በአገራችንም በ1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የዚህ ሥራ ልምድ አለው። የሮቤና የጎባ መምህራንና ተማሪዎች ባይኖኩላርና ደብተር ይዘው በማለዳ ቢወጡ፣ ወፍ ከእግረኛ ይልቅ መኪናን ስለሚለምድ ከመኪና ሳይወርዱ ቢቆጥሩ፣ ወደ ኩሬው ዳርም ባይጠጉ፣ በየዓመቱም እነዚያኑ ኩሬዎች በዚያው ወር ቢመለከቱ የሚነጻጸር መረጃ ይኖረናል።