ትችት ቤት አይሠራም

እስቲ አንድ እሑድ ቀን እናስብ። ባልና ሚስት ከአምልኮ በኋላ ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው በአዳማ መንገድ ላይ በባጃጅ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ገና ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሳይርቁ ባል ይጀምራል፦ «የዛሬው ስብከት ደግሞ ምን ነበር? አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያው በእዚያው!» ሚስት ትቀጥላለች፦ «መዘምራኑስ ብትል! ሳይለማመዱ ነው እንዴ የሚወጡት?» ቤት ሲደርሱና ምሳ ሲቀርብ ትችቱ አቅጣጫውን ይለውጣል። «ወጡ ዛሬም ጨው በዝቶበታል፤ አንቺ መቼም አታስተውዪም።» «አንተስ ምን ሠርተህ ታውቃለህ? እንደ አባትህ መተቸት ብቻ!» ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ይበላሉ።

በዚያ ቀን ማንም ማንንም አልመታም። የሰከረ የለም፤ ሽማግሌ የሚያስጠራ ጠብም አልተነሣም። ነገር ግን በዚያ ማዕድ ዙሪያ አንድ ነገር ተሰብሯል። በሚቀጥለው እሑድም ይደገማል። ብዙ ትዳር የሚፈርሰው በአንድ ትልቅ ኃጢአት ብቻ አይደለም፤ በየዕለቱ በሚወረወሩ ትንንሽ ጠጠሮችም ነው። ታዲያ ይህ ቤት የእኛ ቤት ይሆን?

ቅሬታና ትችት አንድ አይደሉም

«ታዲያ ዝም እንበል ወይ?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ቅሬታ ስለ ተደረገው ነገር ይናገራል፤ ትችት ግን ሰውዬውን ይመታል። «ትናንት ማታ ስትዘገይ ስላልደወልክልኝ በጣም ተጨነቅሁ» የምትል ሚስት ቅሬታዋን ገለጸች። «አንተ መቼም ከራስህ በቀር ስለ ሰው አታስብም» ካለች ግን ማንነቱን ነቀፈች። የመጀመሪያውን የሰማ ባል ይቅርታ ሊጠይቅ ይችላል። ሁለተኛውን የሰማ ባል ራሱን ለመከላከል ይሮጣል። «ሁልጊዜ»፣ «መቼም»፣ «ድሮም አንተ» የሚሉት ቃላት ከአፋችን ሲወጡ ከቅሬታ ወደ ትችት እየተሻገርን መሆናችንን እንወቅ።

በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ጆን ጎትማን ባልና ሚስት ሲነጋገሩ በመመልከት ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። ትዳርን ከሚያፈርሱ የአነጋገር ልማዶች መካከል አራቱን ለይተው አስቀምጠዋል፤ እነርሱም ትችት፣ ንቀት፣ ራስን መከላከልና ጨርሶ ዝም ማለት ናቸው። እነዚህ ብዙ ጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይመጣሉ። የተተቸው ራሱን ይከላከላል፤ ተቺው ይባስ ብሎ ይንቃል፤ በመጨረሻ አንዱ በሩን ዘግቶ ዝም ይላል። በ1999 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ፣ በ124 አዲስ ተጋቢ ጥንዶች ላይ በተደረገ ጥናት ደግሞ፣ የክርክር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ስለ ትዳሩ የወደፊት ዕጣ ብዙ እንደሚናገሩ ታይቷል። በነቀፋ የተጀመረ ንግግር በሰላም የሚያልቀው ከስንት አንዴ ነው። ለዘብ ያለ መልስ ቁጣን እንደሚያበርድ፣ ሻካራ ቃል ግን እንደሚያስነሣው የምሳሌ መጽሐፍ አስቀድሞ ነግሮናል (ምሳ. 15፥1)።

ከዝዋይና ከአብያታ እንማር

በስምጥ ሸለቆ መንገድ ወደ ሻሸመኔ የተጓዘ ሰው እነዚህን ሁለት ሐይቆች ያውቃቸዋል። ዝዋይ ከመቂና ከቀታር ወንዞች ይቀበላል፤ የተቀበለውንም በቡልቡላ ወንዝ በኩል ያሳልፋል። መውጫ ስላለው ውሃው ጨዋማ አይደለም፤ ዓሣ ይወጣበታል፤ እርሻም ይጠጣል። አብያታ ግን ከዝዋይ የተላለፈለትን ይቀበላል እንጂ መውጫ የለውም። ፀሐዩ ውሃውን ሲወስድ ጨውና ሶዳው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ያው ውሃ አንዱ ጋ ሕይወት ሲሆን ሌላው ጋ መራራ ይሆናል።

የትዳር ቅሬታም እንዲሁ ነው። በጊዜው፣ በቀስታና በግልጽ መውጫ ካገኘ ቤቱን አያመርርም። ውስጥ ውስጡን ሲጠራቀም ግን ጨው ይሆናል፤ ከዚያ አንድ ቀን በትንሽ ሰበብ፣ በወጥ ጨው ወይም በተረሳ የመብራት ሂሳብ፣ ትችት ሆኖ ይገነፍላል። ብዙ ጊዜ ተቺ ሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ ቅሬታውን በጊዜው መናገር ያልቻለ ሰው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በቁጣችን ላይ ፀሐይ እንዳይገባ የመከረን ለዚህ ነው (ኤፌ. 4፥26)።

ለምን እንተቻለን?

አንዳንዶቻችን በነቀፋ ስላደግን ሌላ ቋንቋ አልተማርንም። አንዳንዶቻችን ደግሞ ሌላውን ዝቅ ስናደርግ እኛ ከፍ ያልን ይመስለናል። የራሳችንን ጉድለት ላለማየት የሰውን የምናይበትም ጊዜ አለ። አባቶቻችን «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ያሉት ይህን አይተው ነው። ጌታ ኢየሱስ በወንድሙ ዓይን ያለውን ጉድፍ ስለሚያይ፣ በራሱ ዓይን ያለውን ምሰሶ ግን ስለማያስተውል ሰው ሲናገር (ማቴ. 7፥1-5) ጉድፉ ይቅር አላለም። አስቀድመህ የራስህን አውጣ፣ ከዚያ አጥርተህ ታያለህ ነው ያለው። ተቺ ሰው ትልቁ ችግሩ ክፋቱ ሳይሆን አጥርቶ አለማየቱ ነው።

ትችት ጉዞን ያስቆማል

ትችት የሚጎዳው የተተቸውን ብቻ አይደለም። ማርያምና አሮን ሙሴን በነቀፉት ጊዜ ምን እንደ ሆነ ዘኍልቁ 12 ይነግረናል። ማርያም ለምጽ ወጣባት፤ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች። ሕዝቡም እርስዋ እስክትመለስ ድረስ አልተጓዘም። በአንድ ሰው አፍ የተነሣ ሕዝቡ ሁሉ ሰባት ቀን ቆመ! ሜልኮልም ዳዊት በእግዚአብሔር ፊት ሲዘልና ሲዘፍን አይታ በልቧ ናቀችው፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ልትባርከው ሲገባ በነቀፋ ተቀበለችው (2ኛ ሳሙ. 6)። ደስ ብሎት የገባ ባል ልቡ ቀዝቅዞ አደረ።

በሥራ ቦታም ይኸው ነው። አዳማ የነጋዴና የመንገደኛ ከተማ ናት። ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚነሣው የጭነት መኪና፣ ሆቴሉ፣ ጋራዡ፣ ሱቁ ሁሉ የሚሠራው በሰው ነው። አንድ የሱቅ ባለቤት ሠራተኛውን በደንበኛ ፊት «አንተ ደደብ» ቢለው ሠራተኛው ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚማረው ሥራውን በትክክል መሥራት ሳይሆን ስሕተቱን መደበቅ ነው። የጎደለው ሂሳብ አይነገርም፤ የተበላሸው ዕቃ ከጀርባ ይቀመጣል። ባለቤቱ የሚያውቀው ኪሳራው ሲከመር ነው።

የሐርቫርድ ተመራማሪ የሆኑት ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በሆስፒታሎች ውስጥ ባደረጉት ጥናት አንድ ያልጠበቁትን ነገር አገኙ። ጥሩ አመራር ያላቸው የነርሶች ቡድኖች የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተት በብዛት ተመዝግቦባቸው ተገኘ። ነገሩ ሲመረመር ግን እነዚህ ነርሶች ስሕተታቸውን ሳይፈሩ ይናገሩ ነበር፤ በሌሎቹ ዘንድ ግን ይደበቅ ነበር። ሰው የማይናገረው ስሕተት ደግሞ አይታረምም። ልጆቻችሁ ውጤታቸውን የሚደብቁባችሁ፣ የትዳር ጓደኛችሁ ያወጣውን ወጪ የማይነግራችሁ ከሆነ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት «እውነት መናገርን አስፈሪ ያደረግሁት እኔ እሆን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ባህላችንም ይመሰክራል

በዚሁ በስምጥ ሸለቆ፣ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ፣ ሲንቄ የሚባል ቀጭን በትር አለ። ሴት ልጅ ስታገባ ከእናቷ የምትቀበለው የክብሯ ምልክት ነው። ባል ሚስቱን ቢመታ ወይም ክብሯን ቢያዋርድ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው፣ ሥራቸውን ትተው ይወጣሉ፤ በደለኛው ይቅርታ ጠይቆ ነገሩ እስኪታረቅ ድረስም አይመለሱም። ሚስትን ማዋረድ የጓዳ ጉዳይ ሳይሆን የማኅበረሰቡ ጉዳይ መሆኑን ባህሉ ያውቃል። እኛ በክርስቶስ ደም የተገዛን ሰዎች የትዳር ጓደኛችንን ክብር ከዚህ አሳንሰን ልናይ ይገባናልን?

ስለ ናዝሬት ስናነሣ ደግሞ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ አንረሳም። ከሜኖናይት ሚስዮናውያን አገልግሎት የተነሣችው፣ በናዝሬት በሆስፒታሉና በመጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚው ዙሪያ ሥር የሰደደችው ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ተዘጋች። ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿ ለዓመታት ታሰሩ። አባላቷ ያን ጊዜ ወደ 5 ሺህ ይጠጉ ነበር። ምእመናኑ ግን በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ መሰብሰብ ቀጠሉ፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥም ቤተ ክርስቲያኗ ከ30 ሺህ በላይ አባላት ይዛ ወደ አደባባይ ወጣች።

እስቲ አስቡት። በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጥቂት ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲጸልዩ፣ እርስ በርስ መተማመን ከሌለ ያ ኅብረት ስንት ቀን ይዘልቃል? ሕንጻውና ድምፅ ማጉያው ሲወሰድ የቀረው ወንድምና እኅት መሆናቸው ብቻ ነበር። ዛሬ ሕንጻውም ማይክሮፎኑም አለን። ነገር ግን ከዚያው ሕንጻ ወጥተን በባጃጅ ውስጥ አገልጋዩን፣ በማዕድ ላይ የትዳር ጓደኛችንን የምናፈርስ ከሆነ፣ በመከራ ጊዜ የሚቀርልን ምንድን ነው?

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ጊዜ ውሰዱ። የተራበ፣ የደከመና እንቅልፍ ያጣ ሰው ለክርክር አይመችም። ከሥራ ሲገባ በር ላይ አትቀበሉት፤ ልጆች ፊትም አትጀምሩ።

2. ስለ ድርጊቱ ተናገሩ፤ ስሜታችሁን ግለጹ፤ የምትፈልጉትን ጠይቁ። «የቤት ኪራዩ ቀን ሲያልፍ እሰጋለሁ፤ ከወሩ መጨረሻ በፊት አብረን ብናስበው ደስ ይለኛል» ማለት «አንተ ኃላፊነት የማይሰማህ ነህ» ከማለት ይሻላል።

3. ለብቻ ተነጋገሩ። ጌታ የበደለህን ወንድም መጀመሪያ ብቻውን አግኝተህ ንገረው ብሏል (ማቴ. 18፥15)። የትዳር ጓደኛን ጉድለት ለእናት፣ ለጎረቤት ወይም ለጸሎት ቡድን እንደ ጸሎት ርዕስ አድርጎ ማቅረብ ሐሜት ነው።

4. ምስጋናን አብዙ። ጎትማን እንደሚሉት የተረጋጉ ጥንዶች በክርክር ጊዜ እንኳ ለአንድ ክፉ ቃል ወይም ድርጊት አምስት መልካም ያደርጋሉ። ዛሬ ስንት ጊዜ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አላችሁ?

5. ለወደቀው ሌላ ዕድል ስጡ። ጳውሎስ ማርቆስን አልወስድም ባለ ጊዜ በርናባስ ወሰደው (ሐዋ. 15)። በኋላ ጳውሎስ ራሱ ማርቆስ ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው መሰከረ (2ኛ ጢሞ. 4፥11)።

አንድ ነገር ግን እንዳንሳሳት። አለመተቸት ማለት ክፋትን መሸፈን ማለት አይደለም። ድብደባ፣ ዝሙት፣ ልጆችን መጉዳት ባለበት ቤት «ዝም በዪ፣ ቻዪ» ማለት ፍቅር አይደለም። እንዲህ ያለው ነገር ለታመኑ ሽማግሌዎች፣ አስፈላጊም ሲሆን ለሕግ መቅረብ አለበት። እዚህ የምንናገረው በየዋህነት ስለሚታረመው (ገላ. 6፥1)፣ ግን በነቀፋ ስለምናባብሰው የዕለት ጉድለት ነው።

ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ቤትህ ስትገባ ከጎደለው በፊት የተሠራውን ተመልከት። እኅቴ፣ ባልሽ ያላመጣውን ከመቁጠርሽ በፊት ያመጣውን አመስግኚ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይባላልና የተወረወረውን ቃል መመለስ አንችልም። ነገር ግን ይቅርታ መጠየቅ እንችላለን። ምናልባት በመጪው እሑድ በዚያው ባጃጅ ውስጥ የምትሉት የመጀመሪያ ቃል «ባለፈው በተናገርኩሽ አዝኛለሁ» የሚል ይሆናል። ልጆቹም ቀና ብለው ያዳምጣሉ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።