ውኃ ጨውን ይከተላል፦ የእንስሳት ሰውነት ውኃውን የሚጠብቅበት መንገድና የጥጃ ተቅማጥ

ለጋ ጥጆችን ከሚገድሉት ሕመሞች አንዱና ዋነኛው ተቅማጥ ነው። ብዙ ጊዜ ጥጃውን ለሞት የሚያበቃው ግን ተዋሲው ራሱ ሳይሆን ከሰውነቱ ተሟጦ የሚወጣው ውኃና ጨው ነው። ስለዚህ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የከብት እርባታ ኃላፊዎች፣ ሰውነት ውኃውን እንዴት እንደሚጠብቅና ጥበቃው የት ላይ እንደሚያበቃ ቢያውቁ ብዙ ጥጆችን ማዳን ይቻላል።

የውኃ በሮች

ከለጋ ጥጃ ክብደት ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ውኃ ነው። ይህ ውኃ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ፣ ከሕዋስም ወደ ደም ይመላለሳል። የሕዋስ ሽፋን ከቅባት የተሠራ ስለሆነ ውኃን በፍጥነት አያሳልፍም። ታዲያ ውኃው በምን በኩል ያልፋል የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዘመን ሊቃውንትን ሲያከራክር ቆይቷል።

መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ፒተር አግሬ የተባሉት አሜሪካዊ ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ያገኙትን አንድ ፕሮቲን የእንቁራሪት እንቁላሎች እንዲሠሩት አደረጉ። እንቁላሎቹ ጨው ባነሰበት ቀጭን ፈሳሽ ውስጥ ሲገቡ ውኃ ስበው አበጡና ፈነዱ፤ ፕሮቲኑ የሌላቸው ግን እንዳሉ ቀሩ። ፕሮቲኑ የውኃ በር መሆኑ በዚህ ታወቀ፤ አኳፖሪን የሚል ስምም ተሰጠው። በአንዱ በር በኩል በ1 ሴኮንድ ውስጥ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ የውኃ ሞለኪውሎች ያልፋሉ። አግሬ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2003 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ።

ኩላሊት ውኃን እንዴት ይቆጥባል?

የአንድ ጎልማሳ ሰው ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። በሽንት የሚወጣው ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሊትር ነው። የቀረው ሁሉ ወደ ደም ይመለሳል። የከብትም ኩላሊት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

አብዛኛው ውኃ የሚመለሰው ዘወትር ክፍት በሆኑ በሮች በኩል ነው። በመጨረሻው የኩላሊት ቱቦ ላይ ያሉት በሮች ግን የሚታዘዙት በአንጎል ነው። እንስሳው ሲጠማ ደሙ ይወፍራል። አንጎል ይህን ሲያውቅ ቫሶፕሬሲን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል። ሆርሞኑ ኩላሊት ሲደርስ በሕዋሱ ውስጥ ተከማችተው የነበሩት በሮች ወደ ሽፋኑ ይወጣሉ፤ ውኃው ይመለሳል፤ ሽንቱም ያንሳል፣ ይወፍራል። እንስሳው ጠጥቶ ሲረካ ሆርሞኑ ይቀንሳል፣ በሮቹም ወደ ውስጥ ይመለሳሉ። የተጠማ ከብት ሽንት ጥቂትና ቀለሙ የጠቆረ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በር ፓምፕ አይደለም

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዋና ነገር አለ። አኳፖሪን ውኃን ያሳልፋል እንጂ አይገፋም። ውኃ የሚሄደው ጨውና ሌላ የሟሟ ነገር ወደሚበዛበት ወገን ነው። በአጭሩ ውኃ ጨውን ይከተላል።

አንዳንድ የተቅማጥ ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት መርዝ የአንጀት ሕዋሳት ጨው ወደ አንጀት እንዲያፈሱ ያደርጋል። ውኃውም ጨውን ተከትሎ ይፈስሳል። በዚህ ጊዜ ኩላሊት የቱንም ያህል ቢቆጥብ፣ በአንጀት በኩል የሚወጣውን ሊመልስ አይችልም።

ይሁን እንጂ አንድ መንገድ ሳይዘጋ ይቀራል። የአንጀት ሕዋስ ግሉኮስንና የጨውን ሶድየም አጣምሮ ወደ ውስጥ ያስገባል። ይህን አሠራር ሮበርት ክሬን የተባሉ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960 አስረድተዋል። ጨውና ግሉኮስ አብረው ሲገቡ ውኃው ይከተላቸዋል። በተቅማጥ ለተያዘ ጥጃ ውኃ ብቻ መስጠት የማይበቃው ስለዚህ ነው።

ስለ ስኳር ማስጠንቀቂያ

ለሕፃናት በቤት ውስጥ የሚዘጋጀው የስኳርና የጨው ውኃ ለጥጃ አይሆንም። የጥጃ አንጀት የሻይ ስኳርን የሚሰባብር ኢንዛይም የለውም። ስኳሩ ሳይፈጭ አንጀት ውስጥ ስለሚቀር ውኃ ይስባል፤ ተቅማጡንም ያብሳል። ስለዚህ ግሉኮስ ያለበት ለጥጃ የተዘጋጀ ንጥረ ነገር መጠቀም ይገባል። ይህ ካልተገኘ፣ ለሰው የሚሰጠው የኦ.አር.ኤስ. ዱቄት ግሉኮስ ስላለበት ለጊዜው ሊያገለግል ይችላል።

ምን መደረግ አለበት?

ሀ) የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጦ መልቀቅ። ቆዳው ቶሎ ካልተመለሰና ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ጥጃው ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል ውኃ አጥቷል ብሎ መገመት ይቻላል። 25 ኪሎ ለሚመዝን ጥጃ ይህ 2 ሊትር ነው።

ለ) ንጥረ ነገሩን በከረጢቱ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውኃ በጥብጦ፣ ለዚህ ጥጃ ግማሽ ሊትር እያደረጉ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ማጠጣት። 2 ሊትሩ የጎደለውን ብቻ ስለሚተካ ተቅማጡ እስኪቆም ድረስ መቀጠል ያስፈልጋል።

ሐ) ወተት አለመከልከል። ነገር ግን ብጥብጡን ከወተት ጋር ሳይቀላቅሉ፣ ቢያንስ 2 ሰዓት አራርቆ መስጠት።

መ) መቆም ወይም መጥባት ላቃተው ጥጃ በአፉ በግድ አለማፍሰስ፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። እንዲህ ያለው ጥጃ በደም ሥር ፈሳሽ ስለሚያስፈልገው ሳይዘገዩ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ይገባል።

ሠ) ለብዙ ጊዜ የተጠማን ጥጃ በአንድ ጊዜ እስኪጠግብ ውኃ አለማጠጣት። ውኃው በድንገት ደሙን ሲያቀጥነው ቀይ የደም ሕዋሳቱ እንደ እንቁራሪቷ እንቁላል አብጠው ይፈነዳሉ፤ ሽንቱም ይቀላል። ግመል ይህን የምትችለው የደም ሕዋሳቷ ከሁለት እጥፍ በላይ ቢያብጡም ስለማይፈነዱ ነው። ለጥጃ ግን ጥቂት በጥቂት መስጠት ይሻላል።

ከሁሉም በፊት መከላከል ይቀድማል። ጥጃው በተወለደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንገር ይጥባ፤ ማደሪያው ደረቅና ንጹሕ ይሁን፤ የታመመው ከጤነኞቹ ይለይ። ማኅበራትም የመውለጃው ወራት ከመድረሱ አስቀድመው ንጥረ ነገሩንና የማጠጫ ጡጦ በመጋዘናቸው ሊያኖሩ ይገባል። ተቅማጥ የጀመረው ጥጃ ገበያ ተሂዶ እስኪመጣ አይጠብቅም።