ያውቁ ኖሯል? «ማሙሽ፣ እስቲ ምላስህን አውጣ!»

አንገቱ መሀል ላይ እብጠት ያለበትን ልጅ ሐኪሙ ምላሱን ሲያስወጣው የሚያየው አፉን አይደለም፤ አንገቱን ነው። ምላስ ሲወጣ እብጠቷ ሽቅብ ከተሳበች ነገሩ በግማሽ ታወቀ። እንቅርትም ምራቅ ሲዋጥ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ለምላስ ግን አይታዘዝም። ይህች የምትታዘዘው ሥሯ ከምላስ ግርጌ ስለተያያዘ ነው።

ታይሮይድ እጢ አንገት ላይ እንደማይጀምር ያውቁ ኖሯል? ፅንሱ የአንድ ወር ገደማ ሳለ ከምላስ ሥር ይነሣና ቁልቁል ይወርዳል፤ በ7ኛው ሳምንት አካባቢ ቦታውን ይይዛል። የወረደበት ቀጭን ቱቦ ከዚያ በኋላ መክሰም አለበት። ሳይከስም ቀርቶ ፈሳሽ ሲቋጥር ነው ያቺ እብጠት፣ ማለትም ከረጢቷ፣ የምትፈጠረው። የወረደባት በር ደግሞ ዛሬም አለች፤ በብዙዎቻችን ምላስ ላይ፣ ከወደ ኋላ፣ ትንሽ ጎድጓዳ ነጥብ ሆና። (መስታወት ፊት ቆሜ ፈልጌያት ነበር። አትታይም፤ በጣም ወደ ውስጥ ናት።)

ከረጢቷ ከልጁ ጋር ትወለድ እንጂ ለዓመታት ድምፅዋን አጥፍታ ልትቆይ ትችላለች። ብዙ ጊዜ የሚያጋልጣት ጉንፋን ነው፤ ከጉንፋኑ በኋላ ትቀላለች፣ ታብጣለች፣ መግል ትይዛለች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄኔ ነው። ሐኪሞች በዚያ ሰዓት ለመቁረጥ አይቸኩሉም፤ መጀመሪያ አንቲባዮቲክ ሰጥተው እስክትበርድ ይጠብቃሉ። ቤት ውስጥ በመርፌ መውጋትማ የማይዘጋ ቀዳዳ ሊያተርፍ ይችላል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት አልትራሳውንድ ለምን እንደሚታዘዝስ? ዋናው ታይሮይድ በቦታው መኖሩን ለማረጋገጥ ነው። አልፎ አልፎ እብጠት የመሰለችው ራሷ የልጁ ብቸኛ ታይሮይድ ሆና ትገኛለች። እርሷን ቆርጦ ማውጣት ልጁን ዕድሜ ልኩን የሆርሞን ክኒን ጥገኛ ማድረግ ነው።

አሁን ወላጅን የሚያስደነግጠው ክፍል፦ አጥንት ይቆረጣል። ከአገጭ በታች፣ ከማንቁርት በላይ የፈረስ ኮቴ የመሰለች ትንሽ አጥንት አለች። ከሌላ ከማንም አጥንት ጋር አትጋጠምም፤ በጡንቻና በጅማት ተንጠልጥላ ነው የምትኖረው። ያ ቱቦ ታክኳት፣ አንዳንዴም ሰንጥቋት ያልፋል። ድሮ ከረጢቷን ብቻ ለቅመው ያወጡ ነበር፤ እስከ ግማሽ በሚደርሱት ልጆች ላይ ተመልሳ ታብጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 ሽላንገ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የአጥንቷን መሀል ጨምሮ ማውጣት ጀመረ፤ ተሻለ፣ ግን አልበቃም። በ1920 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ዋልተር ሲስትረንክ ከአጥንቷ በላይ እስከዚያች ጎድጓዳ ነጥብ ድረስ ያለውን የምላስ ሥጋ በስሱ ፈልፍሎ ማውጣትን ጨመረበት። የቱቦው ቅርንጫፎች በዓይን ስለማይታዩ አንድ በአንድ ከመፈለግ ከነዙሪያቸው ማንሣት ይሻላል የሚል ሐሳብ ነው። ተመልሶ የሚያብጥባቸው ልጆች ቁጥር ከ100 ከ10 በታች ወረደ። ከመቶ ዓመት በኋላም የሚሠራው በእርሱ መንገድ ነው። ልጁስ? ያለዚያች ቁራጭ አጥንት ይበላል፣ ያወራል፣ ይጮኻል።

እብጠቷ ከመሀል ሳይሆን ከጎን ስትሆን ታሪኩ ሌላ ነው። የ4 ሳምንት ፅንስ አንገት ላይ እጥፋቶች አሉ፤ በዓሣ ላይ ስንጥብ የሚሆኑት ዓይነት። በእኛ ላይ መንጋጋ፣ ጆሮና ጉሮሮ ይሆናሉ። በደንብ ሳይገጥሙ ከቀሩ አንገት ጎን ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ትቀራለች፤ ፈሳሽ ስለምታወጣም እናትየው የልጁ ኮሌታ ሁልጊዜ ለምን እንደሚርስ ግራ ይገባታል። ከዚያች ነጥብ የሚነሣው መስመር በሁለት ትልልቅ የደም ሥሮች መካከል ሾልኮ ቶንሲል ዘንድ ይደርሳል። ለዚህ ነው ሐኪሙ አንዳንዴ አንገት ላይ ሁለት አጫጭር ቦታዎችን፣ አንዱን ከአንዱ በላይ እንደ ደረጃ የሚቀደው።

በጨለማ ክፍል ባትሪ ሲበራባት እንደ ፋኖስ የምትደምቅ ለስላሳ እብጠትም አለች፤ ሊምፍ የተባለው ፈሳሽ የቋጠራት። ለእርሷ ሁልጊዜ ቢላ አያስፈልግም፤ በመርፌ መድኃኒት ተሰጥቷት የምትሟሽሽበት ጊዜ አለ። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱን ጃፓኖች የሠሩት ከምን እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? በፔኒሲሊን ከተሽመደመደ ስትሬፕቶኮከስ፤ ልጆችን ቶንሲል ከሚያሳምመው ከያው ባክቴሪያ።